ሳንባዬ በተጠረገበት ሰሞን

አክስቴን መርካቶ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ደንበኛውም፣ ተሸካሚውም፣ ፊት ለፊታችን ክር የምትሸጠው የጎጃም ሴትም «እትዬ» ነበር የሚሏት። እናቴ የሞተችው እኔ ገና በእግሬ መሄድ ሳልጀምር ስለሆነ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ያደግሁትም ሱቋ ውስጥ፣ በመጋረጃ ጥቅሎች መሐል ነው። ስለዚህ እኔም እንደ ሰዉ እትዬ እላታለሁ። ልዩነቱ ሌላው «እርስዎ» ሲላት እኔ «አንቺ» ማለቴ ብቻ ነው።

ሱቃችን ድሮ ምድር ላይ ነበር፣ በቆርቆሮ በተሠራ ረድፍ ውስጥ። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ላይ የሚወርደው ድምፅ ከደንበኛ ጋር አያነጋግርም፤ እትዬ ዋጋውን በጣቷ ነበር የምትናገረው። ያ ረድፍ ፈርሶ ሕንፃ ሲሠራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረሰን። አሳንሰሩ ዕቃ ያወጣ ነበር፣ እሱም መብራት ሲኖር። ሰው የሚወጣው በደረጃ ነው። እኔ ያኔ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለነበርኩ ደረጃው ምኔም አልነበረም። ደንበኛ የፈለገው ቀለም እኛ ጋ ከሌለ እትዬ «አለ፣ ይቀመጡ» ብላ ወንበር ትስባለች። እኔ ቁልቁል ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ከሌላ ነጋዴ ጥቅሉን ተቀብዬ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ደንበኛው ሻዩን ሳይጨርስ እመለሳለሁ። መርካቶ «የለም» አይባልም።

ነገሩ የጀመረው ከመሰላል በመውደቄ ነው። የበዓል ሰሞን ነበር፣ ሰው ቤቱን የሚያሳምርበት። ከላይኛው መደርደሪያ ወፍራም ጥቅል ሳወርድ መሰላሉ ተንሸራተተና እኔም ጥቅሉም አብረን ወረድን። እግሬ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ጄሶ አደረጉልኝና ተክለ ሃይማኖት ካለው ቤታችን ሳልወጣ ብዙ ሳምንት ተኛሁ። ጄሶው ሲፈታ ባቴ አብጦ ነበር። «ሲውል ሲያድር ይጎድላል» ተባለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጎኔን ውጋት ያዘኝ፤ ስስል አክታዬ ላይ ደም አየሁ። የሄድንበት ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ውጋቱ ለቀቀኝ። ትንፋሼ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

መጀመሪያ ላይ የሚያጥረኝ ላይኛው ፎቅ ስደርስ ነበር። እየቆየ ከታች ጀመረኝ። ከዚያ ሜዳው ላይም ስሄድ ልቤ ድው ድው እያለ እቆም ጀመር። አንዱ የጨርቅ ብናኝ ነው አለ፤ አንዱ አስም ነው ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ አንዷ «ልጅቷን ሰው አይቷታል» አለች። የጎጃሟ ጎረቤታችን ጠበል በጠርሙስ ይዛ መጣች። እትዬ ሶላቷን የማታጓድል ሙስሊም ናት። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «አንቺ በንጹሕ ልብ ያመጣሽውን እንዴት አድርጌ እመልሰዋለሁ» አለቻትና ፊቴን አስታጠበችኝ። ዓርብ ደግሞ ሼኹ ዘንድ ወስዳ ቁርአን አስቀራችልኝ። ሁለቱንም በደስታ ተቀበልኩ። ትንፋሼ ግን ያው ነበር።

ከዚያ ዘመን አዘውትሬ የማስታውሰው ደረጃውን ከእትዬ ጋር ስንወጣ ነው። አንደኛ ፎቅ ስንደርስ ትቆማለች። «ቆይ እስቲ፣ ይቺን ሰላም ልበላት» ትልና ከአዝራር ነጋዴዋ ጋር ወግ ትጀምራለች። ስለ ልጇ ትጠይቃታለች፣ ስለ ጉንፋኗ፣ ስለ ዝናቡ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይም እንዲሁ ከአንዱ ጨርቅ ነጋዴ ጋር። እኔ እርጅና ወሬ ያስወደዳት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻዬን ስወርድ የአዝራር ነጋዴዋ ጠራችኝና፣ «እትዬ ድሮ እጃቸውን አንሥተው ነበር የሚያልፉኝ። አንቺ ከታመምሽ ወዲህ ስለ ልጄ የማያውቁት የለም» ብላ ሳቀች። ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ፊት ቆሜ ቁና ቁና ስተነፍስ እንዳላፍር ነበር እሷ የምትቆመው። አንድም ቀን «ደከመሽ ወይ» ብላኝ አታውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን። በኋላ አንድ ከሰዓት ለደንበኛ መጋረጃ ሰቅዬ ለማሳየት እጄን ወደ ላይ ሳነሣ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ጭንቅላቴ እትዬ ጭን ላይ ነበር። የጎጃሟ ሴት በቁራጭ ጨርቅ ታራግበኛለች። እትዬ ፊት ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ፍርሃት አየሁ። ሱቁን እንደተከፈተ ለጎረቤት ጥላ በታክሲ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ያየችን የልብ ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማትርቅ ሴት ነበረች። ደረቴን በማሽን ስታይ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ወደኔ መልሳ፣ «እግርሽን ታመሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የመሰላሉን ነገር፣ የጄሶውን፣ የባቴን እብጠት ነገርኳት። ለሌላ ምርመራ ላከችን። በደም ሥሬ መድኃኒት አስገብተው ሳንባዬን በትልቁ ማሽን አነሡት። ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን።

«እግርሽ ላይ ደም ረግቶ ነበር። እሱ ተነሥቶ ሳንባሽ ገብቷል። አሁን የሳንባሽ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ውስጥ ጠባሳ ሆኖ ተጣብቋል። ልብሽ በዚያ ጠባብ መንገድ ደም ለመግፋት ሲታገል እየደከመ ነው።»

«በመድኃኒት አይሟሟም?» አለች እትዬ።

«መድኃኒቱ አዲስ እንዳይረጋ ነው የሚያደርገው እትዬ። የቆየውን አያነሣውም። ቧንቧው ተከፍቶ ከውስጥ መጠረግ አለበት።»

«ይጠረግ እንጂ ታዲያ።»

«እኛ ጋ አይሠራም። ውጭ መሄድ ይኖርባችኋል።» ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች። «ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነው፣ አልደብቃችሁም። ደረት ይከፈታል። ልብ ቆሞ ሥራውን ማሽን ይሠራለታል። ሰውነት በጣም ይቀዘቅዛል። ቧንቧው ውስጥ በደንብ እንዲታይ ለጥቂት ጊዜ የደም ዝውውሩም ይቆማል።»

እትዬ መቁጠሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ግን አልቆጠረችም፣ እንዲሁ ያዘችው። «ልብ ቆሞ ሰው ይነሣል?» አለች።

«ይነሣል። ብዙ ሰው ተነሥቷል። የማይነሣም አለ። ካልተሠራላት ግን ልቧ እየደከመ ነው የሚሄደው።»

ዘመድ ተሰበሰበ። የእናቴና የእትዬ ታላቅ ወንድም ከገጠር መጣ። ደግ ሰው ነው፣ እኔን ከመውደዱ የተነሣ ነው የተናገረው። «ልቧን አቁመው! በሰው አገር ሬሳ ይዘሽ ልትመለሺ ነው? እዚሁ ሆና አላህ ያለውን እንጠብቅ» አለ።

እትዬ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አላህ ያለው ሐኪሞቹንም ጨምሮ ነው ወንድሜ። እህቴ ስትሞት ቆሜ አይቻለሁ። የሷን ልጅ ደግሞ ቆሜ አላይም» አለች። የወጪውን ነገር አልተርክም፤ ዘመድም ዕድርም የፎቁ ነጋዴም ተረባረበና ለመሄድ በቃን።

የሄድነው ወደ ደቡብ ሕንድ ነው። እትዬ አውሮፕላን ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር፤ እኔም እንዲሁ። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። ደመናውን ቁልቁል እያየች፣ «ይሄን ሁሉ ጥጥ ማን ነደፈው?» አለችኝ። እስክንወርድ ድረስ ስታይ ቆየች።

ሆስፒታሉ አጠገብ ካለ የእንግዳ ማረፊያ አንድ ክፍል ተከራየን። ሁለት አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ የሚንጫጫ የጣሪያ ማራገቢያ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብዙ ምርመራ ስለነበር እዚያ ሰነበትን። አሁን ሳስበው ከእትዬ ጋር ሥራ ፈትተን ፊት ለፊት የተቀመጥነው በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ቤት ሆነን ጠዋት ከሶላት በኋላ ወጥተን ማታ ነበር የምንመለሰው፤ ወሬያችንም የሱቅ ወሬ ነበር። እዚያ ግን የሚሸጥ የለም፣ የሚገዛ የለም። ከአዲስ አበባ በያዘችው ሽሮ ምሳ ሠርታ፣ አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ትተርክልኛለች።

ስለ እናቴ የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ከገጠር በጭነት መኪና ላይ ሆነው እንደመጡ፤ መጀመሪያ መርካቶ አጠገብ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ጨርቅ ዘርግተው ሻሽ ይሸጡ እንደነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ዕቃቸውን ጠቅልለው የሰው በረንዳ ላይ ተቃቅፈው ይቆሙ እንደነበር ነገረችኝ።

«እናትሽ ታፏጭ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሴት ልጅ?»

«አዎ። አባታችን ‹ሴት ስታፏጭ ጥሩ አይደለም› ብሎ ገርፏታል። አልተወችም። ገበያ የጠፋ ቀን ታፏጭልኝ ነበር። አላፊ አግዳሚው ዞር ይላል፣ ከዚያ ሻሹን ያያል።» ብቻዋን ሳቀች። እናቴ እንደምታፏጭ በሃያ ምናምን ዓመቴ መስማቴ ገረመኝ። «እንዴት እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» አልኳት። «መቼ ቁጭ ብለን እናውቃለን?» አለችኝ።

ከማረፊያው ፊት ለፊት አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት መጋረጃና የአልጋ ልብስ ትሸጥ ነበር። እትዬ በሁለተኛው ቀን ገባች። እኔ በራፉ ላይ ወንበር አግኝቼ ተቀመጥኩ። ሁለቱ አንድ የጋራ ቃል የላቸውም። እትዬ ጨርቁን በሁለት ጣቷ መሐል አሻሸች፣ ወደ ብርሃን አነሣችው፣ ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ ሌላ አወረደች። እትዬ ደረቷን መታ አድርጋ፣ በእጇ ትልቅ መስኮት ሥላ፣ ሩቅ ወደ ሆነ ቦታ ጠቆመች፤ እኔም ነጋዴ ነኝ ማለቷ ነው። ሴትዮዋ ገባት። ወንበር ሳበችላትና ሻይ አስመጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ከሰዓት በኋላ እዚያ ነበረች። እሷ በአማርኛ፣ ሴትዮዋ በራሷ ቋንቋ ያወራሉ፤ ስለ ምን እንደሚያወሩ እስከዛሬ አላውቅም። አንድ ቀን ሁለቱም እያለቀሱ አገኘኋቸው። ሌላ ቀን አንድ የማይረባ ጥቅል ላይ አብረው ሲስቁ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ቀን ደረቴን የሚከፍተው ሐኪም ሊያነጋግረን መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እዚያ የሚማር የአገራችን ልጅ ያስተረጉምልን ነበር። ሁሉንም በየተራ ካስረዳን በኋላ ጥያቄ እንዳለን ጠየቀ። እትዬ፣ «እጃቸው ይንቀጠቀጣል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አለችው። አስተርጓሚው አፍሮ ወደ እኔ አየ። «ጠይቅልኝ እንጂ» አለችው። ጠየቀላት። ሐኪሙ አልተቆጣም። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ፊቷ አቀረበላት። እትዬ ይዛ መዳፉን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ጣቶቹን ጨበጥ አደረገች። «ጥሩ ነው። አላህ ይርዳቸው» አለች። አስተርጓሚው ሲነግረው ሐኪሙ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣት።

ጠዋት ሲወስዱኝ በአልጋው ጎን አብራኝ ሄደች። በሩ ጋ ስንደርስ እንዳትገባ ምልክት ሰጧት። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ዱዓ አደረገችልኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ። «ፈራሽ?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት። «እኔም» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው በወሬ ነው። ቀኑን ሙሉ መጠበቂያው አዳራሽ ተቀምጣ ዋለች። ምሳ አልበላችም። ቀትር ሲያልፍ መጋረጃ ሻጯ ሱቋን ዘግታ መጣች፣ በፔርሙዝ ሻይ ይዛ። አጠገቧ ተቀመጠች፣ እጇን ያዘቻት፣ እስኪያልቅ ድረስም አልሄደችም። ሐኪሙ ሲወጣ አስተርጓሚው ገና አፉን ሳይከፍት እትዬ መትረፌን ከሐኪሙ ፊት አነበበችና እዚያው ወለሉ ላይ ግንባሯን ደፍታ ሱጁድ ወረደች።

ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት ደሙ በኃይል ስለሚገባ ሳንባዬ ውኃ ቋጥሮ አበጠ። ለተወሰኑ ቀናት ከመተንፈሻ ማሽኑ ሳይለዩኝ አቆዩኝ። ቱቦው ከወጣልኝ በኋላም አእምሮዬ ቶሎ አልተመለሰም። ሱቅ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። አልጋውን የከበበው መጋረጃ የእኛ ዕቃ ነው፤ ደንበኛ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ሜትሬን አጥቻለሁ። እትዬ አፏን በጭንብል ሸፍና ስትገባ አላወቅኋትም። «ምን ልስጥዎት?» አልኳት።

እንደነገረችኝ ከሆነ፣ የአልጋዬን ጫፍ ይዛ፣ «መጋረጃ ነበር የፈለግሁት የኔ ልጅ» አለችኝ።

«ለሳሎን ነው ለመኝታ?»

«ለሳሎን።»

«የመስኮቱን ልክ ይዘዋል?»

«ረስቼው መጣሁ። ነገ ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺ እስከዚያ ዕረፊ።»

በማግሥቱ መጣች፣ ልኩን ነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን ቀለም ስናማርጥ ድንገት ዓይኗን አየሁት። «እትዬ?» አልኳት። «አቤት» አለችና ጭንብሏ እስኪርስ አለቀሰች።

ሐኪሙ ከደም ቧንቧዎቼ ያወጣውን በስልኩ ፎቶ አሳየን። ነጣ ያለ፣ እየተሰነጠቀ የሚቀጥን፣ ቅርንጫፍ ያለው ነገር ነው፤ የቧንቧዎቼን ቅርጽ እንደያዘ ወጥቷል። እትዬ ወደ ዓይኗ አቅርባ አየችው። «ይሄ ሁሉ ዝንጅብል ደረትሽ ውስጥ ነበር?» አለች። ደረቴ የተሰፋ ስለነበር ሳቁ አመመኝ፤ ግን ስስቅ አየር ገባ። እስከ ታች፣ እስከ ጎድኔ ሥር ድረስ ገባ። ስንት ጊዜ እንደዚያ ሳልተነፍስ እንደኖርኩ ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ፤ ልለቀው አልፈለግሁም።

ተመልሰን መርካቶ ስንገባ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልኬን እንድወስድ ታዝዤ ነበር፤ እስከዛሬ እወስዳለሁ፣ ደሜንም በየጊዜው እመረመራለሁ። ቁስሌ ጠግጎ ሥራ የጀመርኩ ቀን ደረጃውን ቀስ ብዬ፣ ሳልቆም ወጣሁ። ላይ ደርሼ ዞር ስል እትዬ የለችም። ቁልቁል ተመልሼ ባይ አንደኛ ፎቅ ላይ ከአዝራር ነጋዴዋ ጋር ቆማ ስለ ልጇ ትምህርት ታወራለች። ልምድ ሆኖባት ቀርቷል።

አሁን እትዬ ጉልበቷ ለደረጃ እምቢ ብሏት ወደ ተወለደችበት ገጠር ተመልሳለች። ሱቁን እኔ ይዣለሁ። የጎጃሟ ሴትም ልጇ ዘንድ ገብታለች፤ በሷ ቦታ የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥ ወጣት አለ። ሰዉ አዲስ ነው። ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል እንደ እትዬ እግሬን አጣጥፌ እቀመጥና ያቺ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ትናፍቀኛለች። በሽታ የወሰደኝ ቦታ ሊናፍቀኝ አይገባም ነበር ይሆናል። ግን ይናፍቀኛል፤ ማራገቢያው ሲንጫጫ፣ ሽሮው ሲንተከተክ፣ እትዬ ስለ እናቴ ስታወራ።

ከሁሉም በላይ ትዝ የሚለኝ ግን ባሕሩ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለመብረር እስኪፈቀድልን ስንጠብቅ ሐኪሞቹ በየቀኑ እንድራመድ አዘዙኝ። መጋረጃ ሻጯ ባጃጅ ጠርታ ባሕር ዳርቻ ወሰደችን። እትዬም እኔም ባሕር አይተን አናውቅም። እትዬ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ማዕበሉ እግሯን እስኪነካት ጠበቀች። ሲነካት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሁለተኛ ሲመጣ ግን ቆመች። ቀምሳ፣ «ጨው ነው» አለችኝ፣ የምሥራች እንደምትነግር ሆና። እኔ አሸዋው ላይ ተራመድኩ፣ መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ከዚያ ትንሽ ፈጠን ብዬ። ሩቅ ሄጄ ዞር ስል ሁለቱ አሮጊቶች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዷ ነጭ ነጠላ፣ አንዷ ሰማያዊ ሳሪ ለብሰው፣ ወደ እኔ እያዩ ነበር። እትዬ እጇን አንሥታ ተመለሺ አለችኝ። ትንሽ ልሂድ ብዬ እኔም እጄን አነሣሁላትና መራመዴን ቀጠልኩ።